ትኩስ ነገር ስንነካ እጃችን ከሕመሙ የሚቀድመው ለምንድን ነው?

ጥያቄ_አለኝ (ውይይቱን የከፈተው)

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

የጋለ ብረት ሳያውቅ የነካ ሰው የሚደርስበትን ነገር ልብ ብለን ካየነው ሦስት ክፍል አለው። መጀመሪያ እጁ ሳያዝዘው ይሸሻል። ወዲያው ስለታም፣ ቦታው በጣት ሊጠቆም የሚችል ውጋት ይሰማዋል። ውጋቱ በረድ ሲል ደግሞ የሚያቃጥል፣ ዳርቻው በውል የማይለይና ቶሎ የማይለቅ ሌላ ሕመም ይተካል። በትምህርት ቤት የተማርነው ነርቭ መልእክቱን ለአንጎል እንደሚያደርስና አንጎልም ትእዛዝ እንደሚሰጥ ነው። ነገሩ እንዲያ ከሆነ እጁ ከሕመሙ እንዴት ሊቀድም ቻለ? ቃጠሎው አንድ ሆኖ ሳለ ሕመሙስ ሁለት ጊዜ የሚመጣው ለምንድን ነው? የምታውቁ ብታብራሩልኝ አመሰግናለሁ።

የፊዚዮሎጂ_መምህር

ጠያቂያችን የዘረዘሩት ቅደም ተከተል ትክክል ነው፤ ምክንያቱም በአብዛኛው የፍጥነት ጉዳይ ነው። ከቆዳ ተነሥተው ወደ ኅብለ ሰረሰር የሚገቡት የነርቭ ክሮች አንድ ዓይነት አይደሉም። ንክኪን የሚያሳውቁት ወፈር ያሉና ማይሊን በተባለ ስብ የበዛበት ሽፋን በደንብ የተጠቀለሉ በመሆናቸው ምልክታቸው በሰከንድ ከ35 እስከ 75 ሜትር ይጓዛል። ጉዳትን ከሚያሳውቁት መካከል ኤ-ዴልታ የሚባሉት ቀጠን ያሉና ስስ ሽፋን ያላቸው ሲሆኑ፣ ፍጥነታቸው በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ነው። ሲ የሚባሉት ክሮች ግን ሽፋን የሌላቸውና እጅግ ቀጫጭን ስለሆኑ ምልክታቸው በሰከንድ ከግማሽ ሜትር እስከ 2 ሜትር ብቻ ይሄዳል፤ ሰው በእግሩ ከሚራመድበት ፍጥነት ብዙም አይለይም።

አሁን ስሌቱን እንሥራ። ከጣት ጫፍ እስከ ኅብለ ሰረሰር ያለው መንገድ አንድ ሜትር ይጠጋል እንበል። በሰከንድ 20 ሜትር በሚጓዘው ክር የተላከው ምልክት በሰከንድ አንድ ሃያኛ ውስጥ ይደርሳል። በሰከንድ 1 ሜትር በሚጓዘው ክር የተላከው ደግሞ ሙሉ ሰከንድ ይፈጅበታል። ሁለቱ ምልክቶች ከአንድ ጣት በአንድ ጊዜ ቢነሡም የሚደርሱት ተለያይተው ነው። እርስዎ «ሁለት ጊዜ የሚመጣ» ያሉት ሕመም ይህ ነው፤ በሙያው የመጀመሪያው ሕመምና ሁለተኛው ሕመም ይባላሉ። ልዩነቱ ከእጅ ይልቅ በእግር ጣት ላይ ጎልቶ ይታያል፤ መንገዱ ይረዝማልና።

የእጁ መሸሽ አንጎልን አይጠብቅም። የኤ-ዴልታው ምልክት ኅብለ ሰረሰር እንደ ገባ እዚያው ባሉ አገናኝ ሕዋሳት በኩል ክንድ የሚያጥፉትን ጡንቻዎች የሚያዝዙ ነርቮችን ይቀሰቅሳል፤ በዚያው ቅጽበት ክንድ የሚዘረጉትን ዝም ያሰኛል። ይህን የመቀስቀስና የማስታገስ ጥምረት በዝርዝር ያጠናው ቻርልስ ሼሪንግተን ሲሆን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1932 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ምልክቱ በሌላ መስመር ወደ ላይም ይወጣል፤ ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ወደ ተቃራኒው ጎን ተሻግሮ ታላመስ ወደሚባለው የአንጎል ክፍል፣ ከዚያም ወደ አንጎል ቅርፊት ይደርሳል። ሰውየው «አመመኝ» ብሎ እስኪያውቅ ድረስ እጁ ከብረቱ ተነሥቷል።

ሽፋኑ ለምን ያፈጥናል ለሚል፦ የነርቭ ምልክት እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ በአንድ ጊዜ የሚፈስስ ነገር አይደለም። ሥራ ላይ ባልሆነ ነርቭ ውስጡ ከውጭው ይልቅ በ70 ሚሊቮልት ገደማ አሉታዊ ነው። ምልክት ሲያልፍ በነርቩ ግድግዳ ላይ ያሉ የሶዲየም በሮች ተከፍተው የሶዲየም አዮኖች (ኤሌክትሪክ የያዙ ቅንጣቶች) ወደ ውስጥ ይጎርፋሉ፤ ጥቂት ቆይቶ ፖታሲየም ይወጣና ነገሩ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በሰከንድ አንድ ሺሕኛ ገደማ ነው። ሽፋን በሌለው ክር ላይ ይህ ሥራ በእያንዳንዷ ስንዝር ቀርቶ በእያንዳንዷ ነጥብ መደገም አለበት፤ ማይሊን ባለው ክር ላይ ግን ሽፋኑ በተቋረጠባቸው ጠባብ ክፍተቶች ብቻ ስለሚከናወን ምልክቱ ከክፍተት ወደ ክፍተት ይዘላል።

የታሪክ_ወዳጅ

በመምህሩ ማብራሪያ ላይ ትንሽ ልጨምር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የነርቭ ምልክት ፍጥነት ሊለካ እንደሚችል ብዙዎች አያምኑም ነበር፤ የበርሊኑ ታላቅ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዮሐንስ ሙለርም ከማያምኑት አንዱ ነበር። በ1850 ገደማ ይህን ያፈረሰው የገዛ ተማሪው ሄርማን ሄልምሆልትስ ነው። የእንቁራሪት ጡንቻ ከነነርቩ አውጥቶ፣ ነርቩን አንድ ጊዜ ከጡንቻው አጠገብ፣ ሌላ ጊዜ ራቅ ካለ ቦታ በኤሌክትሪክ እየነካ ጡንቻው እስኪኮማተር ያለውን የጊዜ ልዩነት ለካ። ውጤቱ በሰከንድ 30 ሜትር ገደማ ሆነ። ነፍስና ሥጋ በቅጽበት ይነጋገራሉ ብሎ ለሚያስብ ትውልድ ይህ ቁጥር አሳፋሪ ዝግታ ነበር። ስለ ሶዲየምና ፖታሲየም የተባለውን በሒሳብ ቀመር ያስቀመጡት ደግሞ አለን ሆጅኪንና አንድሩ ሀክስሊ ናቸው፤ በ1952 ያወጡት ሥራ የተመሠረተው ስኩዊድ በሚባለው የባሕር እንስሳ ነርቭ ላይ ሲሆን፣ የዚህ እንስሳ ትልቁ የነርቭ ክር ውፍረቱ እስከ አንድ ሚሊሜትር ስለሚደርስ በውስጡ ኤሌክትሮድ ማስገባት ይቻል ነበር።

ተጠራጣሪው

ማብራሪያው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ምልክቱ ሁሉ የሶዲየም መግባትና የፖታሲየም መውጣት ብቻ ከሆነ፣ ከዐይን የሚመጣውም ከጆሮ የሚመጣውም ከተቃጠለ ጣት የሚመጣውም ምልክት አንድ ዓይነት ነው ማለት ነው። ታዲያ አንጎል ብርሃኑን ከድምፁ፣ ሕመሙን ከንክኪው በምን ይለየዋል?

ምልከታ

ተጠራጣሪው የጠየቁት ከነርቭ ሳይንስ ጥያቄዎች ሁሉ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ ሲሆን፣ በፍጥነቱ ጉዳይ የተረታው ሙለር በዚህኛው ረቷል። በእርሱ አስተሳሰብ የሚሰማንን ነገር ዓይነት የሚወስነው ነርቩን የቀሰቀሰው ነገር ሳይሆን የተቀሰቀሰው ነርቭ የትኛው መሆኑ ነው።

እዚያው የተቀመጣችሁበት ልትሞክሩት ትችላላችሁ፤ የዐይን ሕመም ያለባችሁ ወይም የዐይን ቀዶ ሕክምና ያደረጋችሁ ግን ይቅርባችሁ። ዐይናችሁን ጨፍናችሁ በቀኝ ዐይናችሁ የውጭ ጠርዝ፣ ከቆብ በላይ ሆናችሁ፣ በጣት ጫፍ ቀስ ብላችሁ ጫን በሉ። ክብ የሆነ የብርሃን ቅርጽ ይታያችኋል። ብርሃን የለም፤ ያለው ግፊት ብቻ ነው፤ ሆኖም ግፊቱ የነካው በዐይን የኋላ ግድግዳ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ የሬቲናን ሕዋሳት ስለሆነና ከእነርሱ የሚነሣው ነርቭ ለማየት ወደተሰጠው የአንጎል ክፍል ስለሚሄድ የሚሰማን ብርሃን ነው። ይበልጥ የሚያስገርመው ክቡ የሚታየው በተጫነው በኩል ሳይሆን በአፍንጫ በኩል መሆኑ ነው። የሬቲና የውጭው ጎን በተለመደው አኗኗር ብርሃን የሚቀበለው ከአፍንጫ አቅጣጫ ስለሆነ፣ አንጎል የለመደውን ይተረጉማል።

ስለዚህ የመጀመሪያው መለያ መስመሩ ነው። ሁለተኛው የምልክቱ ድግግሞሽ ነው፦ ኤድጋር ኤድሪያን በ1920ዎቹ ከነጠላ የነርቭ ክር ምልክት ቀርጾ እንዳሳየው፣ ቅስቀሳው ሲበረታ እያንዳንዱ ምልክት አይተልቅም፤ በሰከንድ የሚላኩት ምልክቶች ይበዛሉ እንጂ። ሦስተኛው መለያ ከሁሉ በፊት በነርቩ ጫፍ ያለው በር ነው። የዴቪድ ጁሊየስ ቤተ ሙከራ በ1997 ትርፕ-ቪ1 የተባለውን ፕሮቲን ለይቶ አወጣ። ይህ ፕሮቲን ሙቀት 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ይከፈታል፤ በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ካፕሳይሲንም ያንኑ በር ይከፍተዋል። በርበሬ የሚያቃጥለን ምላሳችን ስለተቃጠለ አይደለም፤ የቃጠሎ መስመር ስለተከፈተ ነው። በ2002 የተለየው ትርፕ-ኤም8 ደግሞ በቅዝቃዜም በሜንቶልም ስለሚከፈት ሜንቶል ያለበት ነገር ቅዝቃዜው ሳይኖር ይቀዘቅዘናል። (በነገራችን ላይ የወፎች ትርፕ-ቪ1 ለካፕሳይሲን ደንታ የለውም፤ በርበሬውን ሳይቸገሩ በልተው ዘሩን ይበትኑለታል።) ጁሊየስና ግፊትን የሚለዩትን ፒየዞ የተባሉ ፕሮቲኖች ያገኘው አርደም ፓታፑቲያን በ2021 የኖቤል ሽልማትን ተካፍለዋል።

ጥያቄ_አለኝ

ከልብ አመሰግናለሁ፤ ከጠበቅሁት በላይ ነው የተማርሁት። አንድ ልጨምር፦ ጉልበታችንን ከእንጨት ጋር ስናጋጨው ሳናስበው እናሸዋለን፤ ማሸቱም ያስታግሳል። ይህ እውነት ነው ወይስ ራሳችንን መሸንገል ነው?

የፊዚዮሎጂ_መምህር

እውነት ነው። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል በ1965 ያቀረቡት የበር ንድፈ ሐሳብ የሚባለው ይህን ለማስረዳት ከቀረቡት ሁሉ ታዋቂው ነው። የጉዳት ምልክት የሚያመጡት ቀጫጭን ክሮችና የንክኪን ምልክት የሚያመጡት ወፋፍራም ክሮች በኅብለ ሰረሰር የኋላ ክፍል ይገናኛሉ። እዚያ ያሉ ትንንሽ ሕዋሳት በወፋፍራሞቹ ሲቀሰቀሱ የጉዳቱ ምልክት ወደ ላይ እንዳያልፍ ያዳክሙታል። የተጋጨውን ጉልበት ስናሸው የወፋፍራሞቹን ክሮች ምልክት እናበዛለን፤ የጉዳቱ ምልክት ከቆዳው የሚነሣው እንደ በፊቱ ቢሆንም ወደ አንጎል የሚያልፈው ይቀንሳል። በ1965 የተሳለው ዝርዝር ሥዕል እንዳለ አልጸናም፤ ዋናው ሐሳብ፣ ማለትም ምልክቱ ገና ኅብለ ሰረሰር ላይ ሊጨመርበትና ሊቀነስበት መቻሉ፣ ጸንቷል። ለእኔ የዚህ ውይይት ቁልፍ ነጥብ ይኸው ነው፦ ከጣት የሚነሣው የጉዳት ወሬ ነው፤ ሕመም የሚሆነው በመንገዱና በመጨረሻው በሚደረግበት ነገር ነው።

ተጠራጣሪው

እዚህ ላይ መምህሩን እቃወማለሁ። ጥርስ ሲነቀል ሐኪሙ ድዱን ያደነዝዘዋል፤ ሕመሙ ይጠፋል። አንጎሌ ግን አልተነካም። ይህ ሕመሙን የሚያመጣው ነርቩ ራሱ እንደሆነ አያሳይም? «ሕመም የሚሠራው አንጎል ውስጥ ነው» የሚለው አባባል ደግሞ ሲነገር የሚያምር፣ በታማሚ ላይ ሲውል ግን የሚያስከፋ ነው። ለዓመታት ወገባቸውን እያመማቸው «ምርመራው ምንም አያሳይም፣ አሳብ አታብዛ» ተብለው የተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ። አሁን በሳይንስ ስም ያንኑ እየደገምን እንዳይሆን እፈራለሁ።

የፊዚዮሎጂ_መምህር

ተቃውሞው ተገቢ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

በመጀመሪያ ስለ ማደንዘዣው። ሊዶኬይንና መሰሎቹ የሶዲየም በሮችን ይዘጋሉ፤ በሩ ካልተከፈተ ምልክቱ አይጓዝም። ቀጫጭኑ ክሮች ከወፋፍራሞቹ ይልቅ ቀድመው ስለሚዘጉ ጥርስ የሚነቀልለት ሰው የሐኪሙ ጉተታና ግፊት ይሰማዋል፤ ሕመሙ ግን አይሰማውም። ይህ የሚያሳየው ለእንዲህ ያለው ሕመም የነርቩ ምልክት አስፈላጊ መሆኑን ነው። በቂ መሆኑን ግን አያሳይም።

በቂ አለመሆኑን የሚያሳይ ከጦር ሜዳ የመጣ ማስረጃ አለ። ሄንሪ ቢቸር የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከባድ ቁስል የደረሰባቸውን ወታደሮች እየጠየቀ በ1946 እንደጻፈው፣ የሕመም ማስታገሻ የሚያስፈልገው ሕመም አለኝ ያሉት ሩብ ያህሉ ብቻ ነበሩ። አጥንታቸው ተሰብሮ፣ ሆዳቸው ተወግቶ ሳለ ነው። ነርቮቻቸው ጤነኞች ነበሩ፤ ያው ወታደር መርፌ የሚወጋው ሰው ሲያበላሽበት ያማርራል። ከአንጎል ግንድ ተነሥተው ወደ ኅብለ ሰረሰር የሚወርዱ መስመሮች ቀደም ሲል ያነሣነውን የኅብለ ሰረሰር በር ከላይ ሆነው ሊዘጉት እንደሚችሉ ዛሬ እናውቃለን። ለዚህ ከሚያገለግሉት መካከል ሰውነታችን ራሱ የሚያመርታቸው ሞርፊን መሰል ኬሚካሎች አሉ፤ የመጀመሪያዎቹ በ1975 በስኮትላንድ አበርዲን ተለዩ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ። በ1978 በተደረገ ጥናት ጥርሳቸው ለተነቀለላቸው ሰዎች መድኃኒት የሌለበት መርፌ ተሰጥቶ ከፊሎቹ ሕመማቸው ቀለለላቸው። ከዚያም የሞርፊንን ሥራ የሚከለክለው ናሎክሶን ሲሰጣቸው ሕመማቸው ተመለሰ። «መድኃኒት መስሏቸው ነው» ተብሎ የሚታለፈው መሻል እንኳ በኬሚካል የሚታገድ ሥጋዊ ሥራ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ሕመም የሚሠራው አንጎል ውስጥ ነው ማለት ሰውየው ፈጥሮታል ማለት አይደለም። ማየትም የሚሠራው አንጎል ውስጥ ነው፤ ይህን ሰምቶ «እንግዲያው የምታየው ሐሰት ነው» የሚል የለም። ምርመራው ምንም ስላላሳየ ሕመሙ የለም ብሎ የሚያሰናብት ባለሙያ የተሳሳተው አንጎልን ስለጠቀሰ ሳይሆን፣ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ሥጋን እንጂ ሕመምን እንዳልሆነ ስለዘነጋ ነው።

በቀዶ ሕክምና እጁ የተወሰደበት ሰው የሌለው እጁ ሲያመው ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በአንጎል ቅርፊት ላይ ሰውነታችን በካርታ መልክ ተሥሏል፤ ዋይልደር ፔንፊልድ በንቁ ታማሚዎች ላይ ቀዶ ሕክምና እያደረገ ቅርፊቱን በደካማ ኤሌክትሪክ በመንካት ካርታውን አወጣ። ከንፈርና እጅ ከመጠናቸው በላይ ሰፊ ቦታ ይይዛሉ፤ ጀርባ ትንሽ ነው። እጁ ቢወገድም የእጁ ካርታ አይወገድም። በአንዳንዶቹ ታማሚዎች ፊታቸው ሲነካ የሌለው እጃቸውም የተነካ ይመስላቸዋል፤ በካርታው ላይ ፊት የእጅ ጎረቤት ነው። ሆኖም ሁሉን ለካርታው መስጠት አይገባም። የተቆረጠው ነርቭ ጫፍም አብጦ በራሱ ምልክት ሊልክ ይችላልና በብዙ ታማሚዎች ላይ ሁለቱም ይሳተፋሉ።

የክሊኒክ_ሠራተኛ

ስለ ሕመም መብዛት ብዙ ተባለ፤ እኔ በየቀኑ የማየው ግን ተቃራኒውን ነው። ስኳር በሽታ ለረጅም ጊዜ የቆየባቸው ሰዎች ነርቮቻቸው ከረጅሞቹ ጀምሮ ስለሚጎዱ ስሜት መጥፋቱ ከእግር ጣቶች ይጀምራል። ምርመራው ቀላል ነው። ታማሚው ዐይኑን ይጨፍናል፤ እኔ አንድ የናይለን ክር በእግሩ አውራ ጣት ሥጋማ የታች ክፍልና በውስጥ እግሩ ከጣቶቹ ሥር ባሉት ነጥቦች ላይ ቀጥ አድርጌ እጫናለሁ። ክሩ የተሠራው በ10 ግራም ኃይል እንዲጎብጥ ነው፤ ሲጎብጥ ታማሚው «ተሰማኝ» ማለት አለበት። ክሩ ጎብጦ፣ እኔም አንሥቼው፣ ታማሚው ዝም ብሎ ሲጠብቅ ያን ጊዜ እግሩ ጥበቃ እንደሌለው እናውቃለን። በጫማ ውስጥ የገባች ጠጠር ቀኑን ሙሉ ስትቆፍረው ቢውል አይሰማውም፤ ቁስሉን የሚያገኘው ካልሲው ላይ ደም ሲያይ ነው። ስለዚህ እንዲህ ላሉ ታማሚዎች የምንሰጠው ዋና ምክር ሕመምን አትጠብቁ፣ ማታ ማታ እግራችሁን በዐይን እዩ፣ ጫማችሁን ከማጥለቃችሁ በፊት በእጃችሁ ውስጡን ዳስሱ የሚል ነው።

ከልደት ጀምሮ ሕመም የማይሰማቸው ሰዎችም አሉ። በ2006 እንደታወቀው ከፊሎቹ የጎደላቸው በጉዳት አሳዋቂ ነርቮች ላይ የሚገኝ አንድ የሶዲየም በር፣ ናቭ1.7 የሚባለው ነው። ንክኪን፣ ሙቀትንና ግፊትን ይለያሉ። ሆኖም በልጅነታቸው ምላሳቸውንና ከንፈራቸውን ይነክሳሉ፣ አጥንታቸው ተሰብሮ እየሄዱበት ይቆያሉ። ሕመም ባይኖር ብሎ የሚመኝ ሰው የእነርሱን እግር ቢያይ ምኞቱን ይተዋል።

ተጠራጣሪው

መምህሩ የሰጡት መልስ አጥጋቢ ነው፤ የማየቱን ምሳሌ ተቀብያለሁ። የወገቡ ታማሚ ጥያቄ ግን አሁንም አልተመለሰም። ቁስሉ ድኖ ሳለ ሕመሙ ለዓመታት የሚቆየው ለምንድን ነው? ምልከታ የጠቀሱት ካፕሳይሲን ደግሞ በቅባት መልክ ለሕመም ይሸጣል፤ የሚያቃጥል ነገር ሕመምን የሚያስታግሰው እንዴት ነው?

ምልከታ

ለመጀመሪያው፦ የጉዳት ምልክት ለረጅም ጊዜ ሲደጋገም በኅብለ ሰረሰር ያሉት ተቀባይ ሕዋሳት ራሳቸው ይለወጣሉ። ቀድሞ ያላስቆጣቸው ትንሽ ምልክት ማስቆጣት ይጀምራል፤ የንክኪ ምልክት እንኳ በጉዳት መስመር ማለፍ ይችላል። በፀሐይ የተቃጠለ ትከሻ ላይ ሸሚዝ ሲነካው ማመሙ የዚህ አጭሩና ቀላሉ ዓይነት ነው፤ ለውጡ ግን በዚያ ሁኔታ በአብዛኛው ቆዳው ላይ ስለሆነ በቀናት ይመለሳል። ኅብለ ሰረሰር ላይ ሲሆን ቁስሉ ከዳነ በኋላም ሊቆይ ይችላል። ለዚህ ነው የቆየ ሕመም እንደ አዲስ ቁስል በዕረፍት ብቻ የማይድነው፤ ቀስ በቀስ የሚጨመር እንቅስቃሴ፣ የእንቅልፍ መስተካከልና ለነርቭ ሕመም የሚታዘዙ መድኃኒቶች የሕክምናው አካል የሚሆኑት።

ለሁለተኛው፦ ካፕሳይሲን በሩን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ ስለሚያቆየው ካልሲየም በብዛት ወደ ነርቩ ጫፍ ይገባል፤ ጫፉም ይደክማል፣ መጠኑ ከፍ ሲል ደግሞ ለጊዜው ከቆዳው ወደ ኋላ ይሸሻል። በመጀመሪያ የሚያቃጥለው በሩ ሲከፈት ነው፤ በኋላ የሚያስታግሰው የሚልክ ጫፍ ስለማይኖር ነው። በሐኪም ቤት የሚለጠፈው 8 በመቶ ካፕሳይሲን ያለበት ሲሆን፣ እግር ላይ ለግማሽ ሰዓት፣ ሌላ ቦታ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ውጤቱም ለሦስት ወር ያህል ሊዘልቅ ይችላል። ነርቮቹ እንደገና ስለሚያድጉ ሕመሙ ከተመለሰ ይደገማል። በቤት የሚቀባው ግን እጅግ ደካማ ስለሆነ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለሳምንታት ካልተቀባ ለውጡ አይታይም፤ ብዙዎች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቃጠሉን ብቻ አይተው ይተዉታል። ከተቀባ በኋላ እጅን በሳሙና በደንብ መታጠብ፣ ወደ ዐይንና ወደ ቁስል አለማስጠጋት ያስፈልጋል። የክሊኒክ ሠራተኛው እንደነገሩን ስሜት በጠፋበት እግር ላይ ግን ሐኪም ሳያማክሩ አይቀቡት።